የእትዬ ሚዛን ሁለት ጣውላዎች

እትዬ ሚዛን ያን ቅዳሜ ደማቸው የፈላው በሁለት ነጭ ቀለሞች ምክንያት ነው ቢባል ማን ያምናል? ግን እውነት ነው። ልጃቸው መሐንዲሱ ክንድ ክንድ የሚያህሉ ሁለት ጣውላዎች በጋዜጣ ጠቅልሎ መጣና ሳሎን ውስጥ ግድግዳ አስደግፎ አቆማቸው። ሁለቱም ቀለም የተቀቡ ናቸው። ለተራ ሰው ዓይን ሁለቱም ነጭ ናቸው።

"እስቲ ምረጪ እማዬ" አለ እጆቹን እያሻሸ። "ይሄኛው ክሬም ነው። ያኛውን ደግሞ የእንቁላል ቅርፊት ይሉታል። ለክፍልሽ የቱ ይሁን?"

"ለየትኛው ክፍሌ?"

"እኛ ጋ ላለው ነዋ።"

እትዬ ሚዛን ልጃቸው ቤት ውስጥ ክፍል እንዳላቸው የሰሙት ገና ያኔ ነው። የተቀመጡበትን ወንበር ክንድ ጨብጠው ዝም አሉ። እሱ ግን ዝምታውን እንደ እሺታ ቆጥሮ ቀጠለ። ቀቢው እስከ ወሩ መጨረሻ ያደርሳል፣ ዕቃውን ቀስ እያሉ ያመጡታል፣ ስለዚህኛው ቤት ደግሞ እናቱ እንዳያስቡ፣ እሱ ራሱ ይጨርሰዋል።

ይጨርሰዋል! እሳቸው የጀመሩትን ቤት። ባላቸው ጣሪያው ሳይመታ ሞቱባቸውና የቀረውን ብቻቸውን ነው ያቆሙት፤ ከሥራ ተመልሰው እርጥብ ጫማቸውን ሳያወልቁ ከግንበኛው ጋር ጉሮሮ ለጉሮሮ እየተናነቁ። አሁን ከዚያ ቤት ይውጡ አይውጡ የጠየቃቸው የለም። የተጠየቁት ሲወጡ የሚገቡበት ክፍል ክሬም ይሁን የእንቁላል ቅርፊት ነው።

"እዚህ ይቆዩ፤ እስከሚመጣው ቅዳሜ አይቼ እነግርሃለሁ" አሉት።

ለምን ያኔውኑ አልተቆጡም? ቁጣው በዝቶ አፋቸው ላይ ስለተጋፋ ነው። መሐንዲሱ ግንባራቸውን ሳማቸውና ደስ ብሎት ወጣ። ነገሩ እንዲህ በቀላሉ ያልቃል ብሎ አልጠበቀም ነበር፤ ጭራሽ መኪናው ጋ እስኪደርስ ያፏጭ ነበር።

ሚዛን የሚለውን ስም ያወጡላቸው የክር ፋብሪካው ሰዎች ናቸው። ሠላሳ አንድ ዓመት ሙሉ በማቅለሚያ ክፍል ውስጥ ሥራቸው ማየት ነበር። ከበርሜል የወጣ ክር ደርቆ ሲመጣላቸው ከናሙናው ጎን ያስቀምጡና ያያሉ። ጠረጴዛቸው ላይ ሁለት ማኅተሞች አሉ። አንዱ "ይለፍ" ይላል፣ ሌላው "ይመለስ"። ክሩ ናሙናውን ከመሰለ ይለፍ፤ ካልመሰለ ግን ሥራ አስኪያጁ ቢለምን፣ የጭነት መኪናው በር ላይ ቆሞ ጥሩምባ ቢነፋ፣ ይመለስ ማለት ይመለስ ነው። እንዲያው ስለ እልህ ከተነሳ፣ አንድ ጊዜ አንድ ሙሉ ጭነት ቡናማ ክር ከመኪና ላይ አስወርደዋል። ደንበኛው ራሱ "እኔ ልዩነቱ አልታየኝም" ቢላቸው "አንተ ክር ግዛ፤ ማየቱን ለእኔ ተወው" ብለው መለሱለት።

በመጨረሻዎቹ ዓመታት ቀለም የሚለካ ማሽን መጣ። ከመጣ በሳምንቱ ማሽኑና እትዬ ሚዛን በአንድ ሰማያዊ ክር ተጣሉ። ማሽኑ ይለፍ አለ፤ እሳቸው ይመለስ አሉ። ፋብሪካው በሙሉ ሥራ ፈትቶ ሲወራረድ ቆይቶ ማሽኑ ሲፈታ፣ አምፖሉ ላይ አውራ ጣት የሚያህል ቆሻሻ ተገኘ። ጡረታ ሲወጡ "ምን እንስጥዎት?" ቢሏቸው ሌላ ነገር አልፈለጉም፤ "ይመለስ" የሚለውን ማኅተም ይዘው ወደ ቤታቸው ሄዱ። እስካሁን ከመርፌና ከቁልፍ ጋር በመሳቢያ ውስጥ ይኖራል።

ልጃቸው ይህን ሁሉ ያውቃል። ሰባት ዓመት ሲሆነው ጓደኞቹን እየሰበሰበ ቤት ያመጣና "የእናቴን ዓይን ፈትኑት" ይል ነበር። ልጆቹ ከየቤታቸው ቁራጭ ጨርቅ ሰርቀው ይመጣሉ፣ እሳቸው የትኛው ቁራጭ ከየትኛው ጨርቅ እንደተቀደደ ይነግሯቸዋል፣ እሱ ደረቱን ነፍቶ ይቆማል። ያ ልጅ ነው እንግዲህ ዛሬ ሁለት ጣውላ ይዞላቸው የመጣው።

እውነቱ ይነገር ከተባለ፣ ልጁም ያለ ምክንያት አልተነሳም። ባለፈው ክረምት እትዬ ሚዛን ልብስ ከገመድ ላይ ሊያወርዱ ሲጣደፉ የጓሮው ደረጃ አንሸራተታቸውና ወደቁ። ጎረቤታቸው ልብስ ሰፊዋ ክር ልትዋስ መጥታ እስክታገኛቸው ድረስ ሁለት ሰዓት ያህል ዝናብ ላይ ተኝተዋል። አጥንት አልተሰበረም፤ ዳሌያቸው ግን በልዞ ከረመ። በነጋታው ማለዳ ትንሿን ቡናማ ሻንጣ ከቁም ሣጥኑ አናት አስወርደው፣ የሌሊት ልብስ፣ ነጠላ ጫማና የባላቸውን ፎቶ ከተቱባትና ከበሩ ኋላ አስቀመጧት። ልብስ ሰፊዋ ስትጠይቃቸው "ምናልባት ሆስፒታል ያስተኙኝ ይሆናል ብዬ ነው" አሏት። ሆስፒታል ያስተኛቸው የለም። ልጃቸው በየቀኑ መድኃኒትና ፍራፍሬ ይዞ ይመጣል፣ ለግማሽ ሰዓት ይቀመጣል፣ ስልክ ያወራል፣ "አይዞሽ" ብሎ ይሄዳል። በአሥራ ሁለተኛው ቀን ሻንጣዋን ፈቱና ልብሳቸውን ወደ ቦታው መለሱ። የቁም ሣጥኑን በር ሲዘጉት ቤቱ ተናጋ።

ወደ ጣውላዎቹ እንመለስ። እሑድን ዞር ብለው ሳያዩዋቸው ዋሉ። ሰኞ ግን ሠላሳ አንድ ዓመት የሠራ ዓይን ሥራ ፈትቶ መቀመጥ አልቻለም። እየተሳደቡም ቢሆን ተነሱ። "ምረጪ ይለኛል እንዴ፣ ይሄ ግም..." እያሉ ጣውላዎቹን ብብታቸው ሥር አድርገው ወደ ማዕድ ቤት ወሰዷቸው። የማዕድ ቤቱ መስኮት ፀሐይ ፊት ለፊት አይገባበትም፤ ቀለም የሚታየው እንዲህ ባለ መስኮት፣ ከጠዋቱ ሦስት ሰዓት ላይ ነው። በአምፖል ብርሃን ቀለም የሚመርጥ ሰው ለእሳቸው በጨለማ ሚስት ከሚመርጥ አይለይም።

ጠረጴዛው ላይ ግራጫ ፎጣ አነጠፉ፣ ጣውላዎቹን ጎን ለጎን አጋደሙ፣ መጀመሪያ ፎጣውን ብቻ እያዩ ዓይናቸውን አሳረፉ። ከዚያ ቀና ብለው ሳያፈጡ፣ እግረ መንገዱን እንደሚያልፍ ሰው፣ አዩ።

ነጭ የሚባል ነገር የለም፤ ይህን ለስንቱ ሠልጣኝ አስተምረዋል። ነጭ ሁሉ ወደ አንድ ወገን ያዘነብላል። አንዱ ወደ ቢጫ፣ አንዱ ወደ ቀይ፣ አንዱ ወደ አረንጓዴ። ክሬም ከሆነ ወደ ቢጫ ማዘንበል አለበት። የእንቁላል ቅርፊት ከሆነ ደግሞ ትንሽ ቀላ ማለት ነበረበት። እነዚህ ሁለቱ ግን፣ አንዱ ፈዘዝ አንዱ ደመቅ ይበል እንጂ፣ የሚያዘነብሉት ወደ አንድ ወገን ነው። ሁለቱም በጭላንጭል ወደ አረንጓዴ። የአንድ እናት ልጆች፤ አንዱ የከሳ፣ አንዱ የወፈረ።

የድንች ቢላዋ አነሱና የሁለቱንም ጠርዝ ፋቅ ፋቅ አደረጉ። "ክሬሙ" ሥር ባዶ እንጨት ነው፤ ቀለሙ አንድ እጅ ብቻ፣ ያውም ውሃ በዝቶበት ተቀብቷል። "የእንቁላል ቅርፊቱ" ሥር ደግሞ ግድግዳ የሚለሰልስበት ስቱኮ አለ፤ በላዩ ሁለት እጅ ሙሉ ቀለም። ባልዲው ግን አንድ ነው። ምርጫ የሚባል ነገር ከመጀመሪያውም አልነበረም።

"ለቀባሪ አረዱት አሉ!" ብለው ቢላዋውን ጠረጴዛው ላይ ጣሉት። ምንም ቢሆን ውሸት ውሸት ነው፤ ሰው ይዋሻል። ጨጓራቸውን የላጠው ሌላ ነው። ማንን ነው በቀለም የሚያታልሉት? ይህን ውሸት የሸረበ ሰው አስቀድሞ አንድ ነገር በልቡ ወስኗል፤ የእትዬ ሚዛን ዓይን ጠፍቷል፣ አልቆለታል፣ ከእንግዲህ የሰጧትን ትቀበላለች ብሏል። እና ያን የወሰነው በገዛ እናቱ ዓይን ሲኮራ ያደገ ልጅ ነው።

ማክሰኞ ጠዋት ጃንጥላቸውን ይዘው አውቶቡስ ተሳፈሩ። ያ የታመመ ዳሌያቸው በየጉድጓዱ እያቃሰተ ከተማውን ከዳር እስከ ዳር አቋረጡ። ልጃቸው በሥራ ሰዓት ቤት እንደማይገኝ ያውቃሉ። በሩን የከፈተችው ምራታቸው ናት። መድኃኒት ቤት ነው የምትሠራው፤ በዚያ ሳምንት የከሰዓት ተረኛ ነበረች። ስታያቸው እጇ ከበሩ እጀታ ላይ አልነሳ አላት።

"እማማ! በደህና ነው? ምነው ሳይደውሉ?"

"ክፍሌን ላየው ነው የመጣሁት። አለሽ ተብያለሁ።"

ምራትየው መንገድ ከመልቀቅ ሌላ ምርጫ አልነበራትም። ክፍሉ ከኮሪደሩ መጨረሻ ነው። እትዬ ሚዛን በሩን ገፍተው ገቡና ቆሙ። ግድግዳው ተቀብቶ አልቋል። የቀለም ሽታ እንኳ የለም፤ በጣታቸው ቢጫኑት እንደ ድንጋይ ደርቋል፤ ሁለት ወር ቢያንስ። ወደ አረንጓዴ ያዘነበለች ያች ነጭ፣ ከጥግ እስከ ጥግ። አልጋው ተነጥፏል፣ መጋረጃው ተሰቅሏል። መስኮቱ ሲከፈት የሚታየው የጎረቤት አጥር ነው። ከአልጋው ራስጌ ትንሽ ጠረጴዛ፣ በጠረጴዛው ላይ ደግሞ አንዲት ደወል ተቀምጣለች።

ደወሏን አነሱና አዩዋት። "ይሄ ምንድን ነው?"

"ሌሊት የሆነ ነገር ቢያስፈልግዎት... እንዲጠሩን ብሎ ነው" አለች ምራትየው ዓይኗን ወለሉ ላይ ተክላ።

እትዬ ሚዛን ደወሏን መልሰው አስቀመጧት፤ እንዳትጮህ በጥንቃቄ፣ ምላሷን በጣታቸው ይዘው። በዚያች ቅጽበት ደወሏ ብትጮህ ኖሮ በመስኮቱ ይወረውሯት ነበር። ከዚያ አልጋው ላይ ሳይቀመጡ፣ ውሃ ሳይጠጡ፣ ስለ ጣውላዎቹ ጠየቁ። ምራትየው መዋሸት የማይሆንላት ሴት ናት፤ የምታውቀውን ሁሉ ነገረቻቸው። ቀለሙን የመረጠው ባሏ ነው። ቀቢው ግድግዳውን ከጨረሰ በኋላ ከተረፈው ባልዲ ሁለቱን ጣውላዎች ያስቀባቸው እሱ ነው። "የምትመርጠው ነገር ካገኘች ደስ ብሏት ትመጣለች" ብሏታል።

"አንቺስ ምን አልሽው?"

"እኔማ ዝም ብለህ ጠይቃቸው ብዬው ነበር፣ እማማ። ሁለቴ ብዬዋለሁ።"

በመልስ ጉዞ አውቶቡሱ ውስጥ አንድ ጎረምሳ ተነስቶ ቦታ ቢለቅላቸው "እግሬ ሥራውን ያውቃል" ብለው ቆመው ተጓዙ። አሁን ጎረምሳው ምን አጠፋ? ምንም። ግን እትዬ ሚዛን ሲቆጡ ዙሪያቸው ያለው ሁሉ ይነካዋል፤ የፋብሪካው ድመት እንኳ ይህን ታውቅ ነበር።

ቅዳሜ ደረሰ። መሐንዲሱ በሰዓቱ መጣ። ሚስቱ አልነገረችውም፤ እትዬ ሚዛን ለምነዋት ነበር፤ ልመና ከተባለ። ጣውላዎቹ ማዕድ ቤት ውስጥ ግራጫው ፎጣ ላይ ተጋድመው ጠበቁት።

"እህ እማዬ፣ የቱ ሆነ?"

"ተቸገርኩ እኮ። ዓይኔም እንደ ድሮው አይደለም። አንተ ብትሆን የቱን ትመርጣለህ?"

መሐንዲሱ ጎንበስ ብሎ አየ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ፤ እሱ ግን አገጩን እያሻሸ የምር ያሰበበት መሰለ። "እኔማ የእንቁላል ቅርፊቱን ነበር የምመርጠው።"

"ለምን?"

"ሞቅ ይላላ። ክሬሙ ቀዝቀዝ ያለ ነው። ለመኝታ ክፍል ሞቅ ያለ ይሻላል፣ ዕንቅልፍ ያመጣል።"

"እንዲህ ነው እንዴ?"

"አዎ፣ ያነበብኩት ነገር አለ። ክሬም ደግሞ ቶሎ ይቆሽሻል።" ልጅየው ሞቀው። "ቀቢውም ያንኑ ነው ያለኝ። ሁለቱ ፈጽሞ የተለያዩ ቀለሞች ናቸው አለኝ፤ ከሩቅ ነው የሚመሳሰሉት።"

እትዬ ሚዛን ብዙ አላስለፈለፉትም። መሳቢያውን ሳቡ፣ ከመርፌና ከቁልፉ መሐል ማኅተሙን አወጡ፣ የደረቀውን ቀለም በምራቃቸው አረጠቡና አንዱን ጣውላ መቱት። ከዚያም ሁለተኛውን። ጠረጴዛው ላይ ያሉት ብርጭቆዎች ተንጫጩ። በሁለቱም ላይ፣ ገረጣ ብሎ፣ ግን ለማንም እንዲነበብ ሆኖ፣ "ይመለስ" ተጻፈ።

መሐንዲሱ ማኅተሙን ከልጅነቱ ያውቀዋል። ጆሮው ድረስ ቀላ።

"አንድ ባልዲ!" አሉ እትዬ ሚዛን፤ ያበጠው ይፈንዳ ብለው ነው። "አንዱን በውሃ አቅጥነህ፣ አንዱን ስቱኮ ላይ አስቀብተህ ለእኔ! ሞቅ ያለ፣ ቀዝቀዝ ያለ ትለኛለህ? ለሦስት ዓመት ልጅ አንድ ከረሜላ ለሁለት ሰብረህ የቱን ትፈልጊያለሽ እንደምትል? ክፍሉንም አይቼዋለሁ። ደወሉንም አይቼዋለሁ። እኔ ሆቴል ቤት ነኝ? አልጋ ላይ ሆኜ ላቃጭል?"

"እማዬ፣ ስሚኝ..."

"ሠላሳ አንድ ዓመት በዚህ ዓይን አብልቼ አሳደግኩህ። እንዲህ በገዛ ዓይኔ ልትጫወትበት?"

መሐንዲሱ ወንበር ስቦ ተቀመጠ። ብዙ ድልድይ የሠራ ሰው ነው፤ እዚያች ጠባብ ማዕድ ቤት ውስጥ ግን ጉልበቱን የት እንደሚያደርገው ጠፋው። "ፈራሁ" አለ በመጨረሻ። "ዝናብ ላይ ወድቀሽ ሁለት ሰዓት ሙሉ... እኔ እኮ ያን ዕለት ስብሰባ ላይ ሆኜ ስልኬን ዘግቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ስልክ በጠራ ቁጥር አንቺ የወደቅሽ ይመስለኛል። አንቺን ደግሞ ነይ ብልሽ እምቢ ትያለሽ። ስለዚህ እምቢ የማይባልበት ነገር ፈለግኩ።"

ይህን ሲሰሙ እትዬ ሚዛን ትንሽ አዘኑለት። አልካድነውም። ግን ቁጣው አልለቀቃቸውም፤ እንዲያውም ባሰ።

"በል ጠይቀኝ" አሉት።

"ምን ልጠይቅሽ?"

"መጀመሪያ መጠየቅ የነበረብህን።"

መሐንዲሱ ዓይኑን ከጣውላዎቹ ላይ አነሳ። ጎልማሳ ሆኖ፣ ሽበት አውጥቶ፣ ለእናቱ ይህችን አንድ ዓረፍተ ነገር ለማውጣት የተቸገረው ችግር ያሳዝናል። "እማዬ፣ መጥተሽ ከእኛ ጋር ትኖሪያለሽ?"

"አልኖርም።"

ራሱን ነቀነቀ። ፊቱ ላይ ሐዘን ሳይሆን እንደ መገላገል ያለ ነገር ነበር። "ይኸው። እምቢ እንደምትዪ አውቅ ነበር።"

እትዬ ሚዛን ቁጣቸው ሁሉ አንድ ላይ ተሰብስቦ መጣ፤ ድምፃቸው ግን ዝቅ አለ። ፋብሪካ ውስጥም እንዲህ ነበሩ፤ ሰው የሚፈራቸው ሲጮኹ አይደለም።

"አታውቅም" አሉ። "ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ፤ አሁን ምን ታውቃለህ? በወደቅኩ በነጋታው ቡናማ ሻንጣ ከበሩ ኋላ አስቀምጬ ነበር። ለሆስፒታል አልነበረችም። የአባትህን ፎቶ ሆስፒታል ምን ሊያደርግልኝ? አሥራ አንድ ቀን እየመጣህ እያለፍካት ገባህ፣ እያለፍካት ወጣህ። አንድ ቀን እንዲያውም በእግርህ ገፋ አድርገህ ነው በሩን የዘጋኸው። በገባህ ቁጥር ዛሬ ነይ ይለኛል እያልኩ አፍ አፍህን አይ ነበር። እሺ ልልህ ነበር።"

መሐንዲሱ ከወንበሩ ሳይነሳ ዞሮ፣ በተከፈተው የማዕድ ቤት በር አሻግሮ ወደ ውጭው በር አየ። ከበሩ ኋላ ጃንጥላዋ ብቻ ተሰቅላለች።

"አሁንስ?" አለ ቀስ ብሎ፣ ፊቱን ሳይመልስ።

እትዬ ሚዛን ጣውላዎቹን በመጡበት ጋዜጣ ጠቅልለው ጭኑ ላይ አስቀመጡለት።

"አሁን ሻንጣዋን ፈትቻታለሁ" አሉ።